ሰርቨሮችን በዙር ማዋቀርና ሥራ ላይ ማዋል፦ አሠራሩና ለተገልጋዩ ያለው ትርጉም

ሰርቨሮችን በዙር ማዋቀርና ሥራ ላይ ማዋል ማለት አንድን የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት በጋራ የሚሸከሙ በርካታ ሰርቨሮችን በአነስተኛ ቡድኖች ከፋፍሎ፣ የአንዱን ቡድን ውጤት እያረጋገጡ ወደ ቀጣዩ በመሸጋገር አዲስ ሶፍትዌር ወይም አዲስ ቅንብር የመጫን አሠራር ነው። ሥራው የባለሙያዎች ቢሆንም ውጤቱ የሚታየው በተገልጋዩ ስልክና በአገልግሎት መስጫ መስኮት ላይ ነው። ማመልከቻው ገብቷል ወይስ አልገባም፣ ክፍያው የተፈጸመው አንድ ጊዜ ነው ወይስ ሁለት ጊዜ የሚሉ ጥያቄዎች በብዛት ሊነሱ የሚችሉትም እንዲህ ያለው ሥራ በሚካሄድባቸው ሰዓታት ነው።

አንድ አገልግሎት፣ ብዙ ሰርቨር

ሰርቨር ከተጠቃሚዎች ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ፣ ሌት ተቀን ሳይጠፋ የሚሠራ ኮምፒውተር ነው። ብዙ ሕዝብ የሚጠቀምበት አገልግሎት በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ አይቆምም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ አሥር፣ ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ሰርቨሮች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ከፊታቸውም ጭነት አከፋፋይ የሚባል መሣሪያ ወይም ፕሮግራም ይቆማል። የጭነት አከፋፋዩ ተግባር በአንድ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ቆሞ አንዱን ባለጉዳይ ወደ 3ኛው፣ ሌላውን ወደ 5ኛው መስኮት ከሚመራ ወረፋ አስተናጋጅ ጋር ይመሳሰላል። ተገልጋዩ የሚያውቀው አንድ የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ነው። ጥያቄውን የትኛው ሰርቨር እንደመለሰለት አያይም፤ ማየትም አያስፈልገውም።

ይህ አሰላለፍ የሚሠራው ግን አንድ ሁኔታ ሲሟላ ነው፤ ይኸውም በየመስኮቱ ያለው አሠራር አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። 3ኛው መስኮት በአዲሱ መመሪያ፣ 5ኛው መስኮት በአሮጌው የሚሠራ ከሆነ የባለጉዳዩ ዕጣ በወረፋ አስተናጋጁ ጣት ላይ ይወድቃል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል

ሰርቨሮች ተራ በተራ በሰው እጅ ሲዋቀሩ እያደር መለያየታቸው አይቀርም። አንዱ ላይ የሰዓት ክልሉ ሳይስተካከል ይቀራል፣ ሌላው ላይ ጊዜው ያለፈበት የደኅንነት ሰርተፊኬት ይቆያል፣ በሦስተኛው ላይ አንድ ባለሙያ በጥድፊያ የቀየረው ቁጥር ሳይመዘገብ ይረሳል። ለአገራችን አገልግሎቶች በተለይ ጎልቶ የሚታይ ምሳሌ የግዕዝ ፊደል ቅርጸ ቁምፊ ነው። ከሃያ ሰርቨሮች በአንዱ ላይ ይህ ቅርጸ ቁምፊ ካልተጫነ፣ በዚያ ሰርቨር በኩል የተዘጋጀ ማስረጃ የባለቤቱን ስም ሳይሆን ተራ ባዶ ሳጥኖችን ይዞ ይወጣል። ያው ሰው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቢሞክር ሌላ ሰርቨር ይደርሰውና ሰነዱ የተስተካከለ ይሆናል። «አሁን እኮ ይሠራል» የሚለው መልስ ችግሩ እንደተፈታ ሳይሆን ችግሩ የት እንዳለ እንዳልታወቀ የሚያሳየው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ሰርቨሩ ምን መምሰል እንዳለበት በጽሑፍ ማስፈርና ያንን ጽሑፍ ለሁሉም በእኩል የሚያስፈጽም መሣሪያ መጠቀም ነው። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቀው ፑፔትና በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው አንሲብል በዚህ ረገድ በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መካከል ናቸው። በእነዚህ መሣሪያዎች የሚጻፈው «ይህን አድርግ» የሚል ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን «ሁኔታው ይህን ይምሰል» የሚል መግለጫ ነው። መሣሪያው ሰርቨሩን ያያል፤ የጎደለ ካለ ያሟላል፣ ሁሉም ከተሟላ ምንም ሳይነካ ያልፋል። በመሆኑም በአግባቡ የተጻፈን መግለጫ ደጋግሞ ማስኬድ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ያፈነገጠውን ሰርቨር የሚያጋልጥ ቁጥጥር ይሆናል።

ዙሩ እንዴት ይካሄዳል

የሃያ ሰርቨሮች ጉዳይ ለምሳሌ ይወሰድ። በመጀመሪያው ዙር አንድ ሰርቨር ብቻ ይመረጣል። ጭነት አከፋፋዩ ወደዚያ ሰርቨር አዲስ ተገልጋይ መላክ ያቆማል፤ በእጁ ያሉት ጉዳዮች እስኪያልቁም ይጠበቃል። ከዚያ አዲሱ ሶፍትዌርና ቅንብር ይጫናል፣ ሰርቨሩ ይፈተሻል፣ ወደ ሥራም ይመለሳል። ባለሙያዎች ይህን ቀዳሚ ሰርቨር «ካናሪ» ይሉታል፤ ስያሜው የተወሰደው የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች መርዛማ ጋዝ መኖሩን ቀድማ እንድታሳውቃቸው ወደ ጉድጓድ ይዘዋት ይገቡ ከነበረችው ትንሽ ወፍ ነው። ካናሪው ሰርቨር የተወሰነ ጊዜ በእውነተኛ ጥያቄዎች ተፈትኖ ደህና ከሆነ አራት፣ ቀጥሎ አምስት፣ በመጨረሻም ቀሪዎቹ አሥር በየዙራቸው ይከተላሉ።

የዙሩን ስፋት የሚወስነው በዚያ ሰዓት ያለው ጭነት ነው። ከሃያው አምስቱ ከሥራ ሲወጡ ቀሪዎቹ አሥራ አምስት የሁሉንም ጭነት ይሸከማሉ፤ ይህም በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ጭማሪ ማለት ነው። አሥሩ በአንድ ጊዜ ከወጡ ደግሞ በቀሪዎቹ ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ይሆናል። አሥሩን በአንድ ዙር ማንሳት የሚቻለው ተገልጋይ እምብዛም በሌለበት ሌሊት እንጂ በሥራ ሰዓት አይደለም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት ሰሞን፣ በሐምሌ የግብር ወቅት ወይም የምዝገባ ቀነ ገደብ በሚያበቃበት ሳምንት ደግሞ ጨርሶ አለመጀመር ይመረጣል።

ከዙሩ ስፋት እኩል የሚያስፈልገው የማቆሚያ መስፈርት ነው። በአንድ ዙር ከተነኩት ሰርቨሮች መካከል ከተወሰነ መቶኛ በላይ የሚሆኑት ፈተናውን ካላለፉ ሥራው በራሱ እንዲቆም ቀድሞ ይወሰናል። አንሲብል ሁለቱንም፣ የዙሩን ስፋትም ሆነ የሚፈቀደውን የስህተት መቶኛ፣ በጽሑፍ እንዲገለጹ ያስችላል። ሌሊቱን ሙሉ የደከመ ባለሙያ «ትንሽ ነው፣ እንቀጥል» ለማለት ስለሚፈተን ውሳኔው በቀን፣ በረጋ ልብ፣ ቢቻልም በሁለት ሰዎች ፊርማ መሰጠት አለበት።

በዙር የማይከፈለው ክፍል

ሰርቨሮቹ ቢከፋፈሉም ከኋላቸው ያለው የመረጃ ቋት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። አንድ ዙር ተጠናቅቆ ሌላው እስኪጀመር ባለው ጊዜ አዲሱና አሮጌው ሶፍትዌር አብረው ይሠራሉ፤ ሁለቱም የሚጽፉት በዚያው መዝገብ ላይ ነው። አዲሱ የማመልከቻ ቅጽ የአያት ስምን ለብቻው የሚጠይቅ፣ አሮጌው ደግሞ ሙሉ ስምን በአንድ መስመር የሚቀበል ከሆነ መዝገቡ ሁለቱንም መቀበል መቻል አለበት። ስለዚህ አዲሱ ዓምድ በቅድሚያ ይጨመራል፣ ሰርቨሮቹ በየዙራቸው ይለወጣሉ፣ አሮጌው ዓምድ የሚነሳው ሁሉም ሰርቨር መለወጡ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ ችግሩ ከአገልግሎት መቋረጥ ያልፋል፤ የተቋረጠ አገልግሎት ይመለሳል፣ በተሳሳተ ዓምድ የገባ ስም ግን ባለቤቱ ለሌላ ጉዳይ ማስረጃውን እስኪያወጣ ድረስ ሳይታወቅ ሊኖር ይችላል።

ስምንተኛው ሰርቨር

በዙር የሚካሄድ ሥራ ሳይጠናቀቅ ሲቀር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየው በሰነድ የተመዘገበ ጉዳይ የአሜሪካው የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ የናይት ካፒታል ነው። ኩባንያው በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 ለሚጀመር አዲስ አሠራር የሚያገለግል ሶፍትዌር ትእዛዞችን በሚያስተላልፉ ስምንት ሰርቨሮቹ ላይ በተከታታይ ቀናት ጫነ። ሥራውን ያከናወነው ባለሙያ ሰባቱን አዳርሶ ስምንተኛውን ሳይነካው ቀረ። ሥራውን ሌላ ባለሙያ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ የጽሑፍ ሥርዓት በኩባንያው አልነበረም።

በስምንተኛው ሰርቨር ላይ ከ2003 ጀምሮ አገልግሎት ያልሰጠ፣ ግን ያልተሰረዘ አሮጌ ፕሮግራም ነበር። አዲሱ ሶፍትዌር ለራሱ ማስጀመሪያ የተጠቀመው ምልክት ቀድሞ ያንን አሮጌ ፕሮግራም የሚቀሰቅስ ምልክት ነበር። ገበያው እንደተከፈተ ሰባቱ ሰርቨሮች በአግባቡ ሲሠሩ ስምንተኛው የተኛውን ፕሮግራም ቀሰቀሰና ትእዛዝ መሞላቱን ሳይቆጥር ደጋግሞ መላክ ጀመረ። በ45 ደቂቃ ውስጥ 212 የደንበኞች ትእዛዞች ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ሆኑ፤ 154 ዓይነት አክሲዮኖችና ከ397 ሚሊዮን በላይ የአክሲዮን ድርሻዎች ተነካኩ። የኩባንያው ኪሳራ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ።

ለአገልግሎት ሰጪ ተቋማት ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅሙት ሁለት ዝርዝሮች ናቸው። አንደኛው፣ ገበያው ከመከፈቱ ከአንድ ሰዓት በላይ አስቀድሞ ስህተቱን የሚጠቁሙ 97 የኢሜይል መልእክቶች ከሥርዓቱ በራሳቸው ለሠራተኞች ተልከው ነበር፤ መልእክቶቹ እንደ ማስጠንቀቂያ ስላልተቆጠሩ እርምጃ የወሰደ አልነበረም። ሁለተኛው፣ ባለሙያዎቹ ችግሩን ለማረም ሲጣደፉ አዲሱን ሶፍትዌር በትክክል ከተጫነባቸው ሰባት ሰርቨሮች ላይ አነሱት፤ በዚህም ሰባቱ እንደ ስምንተኛው ሆኑ፣ ጉዳቱም ተባባሰ። የአሜሪካ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በኦክቶበር 2013 በኩባንያው ላይ የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥሏል።

የተቃራኒው ምሳሌ፣ ማለትም በዙር ሳይከፋፈሉ ለሁሉም በአንዴ መልቀቅ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ታይቷል። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የለቀቀው የተበላሸ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አሰናከለ፤ የአየር መንገዶች፣ የሆስፒታሎችና የባንኮች ሥራ በየአገሩ ተስተጓጎለ። ኩባንያው ፋይሉን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሳውም አስቀድመው የተሰናከሉት ኮምፒውተሮች በብዛት አንድ በአንድ በሰው እጅ መስተካከል ነበረባቸው። የተለቀቀው አዲስ የፕሮግራም እትም ሳይሆን የቅንብር ይዘት ነበር። ቅንብርን «ትንሽ ለውጥ» አድርጎ በማየት ከዙር ሥርዓቱ ውጭ መተው እጅግ የተለመደና ዋጋ የሚያስከፍል ልማድ ነው። ኩባንያውም ከዚያ በኋላ ይህን የመሰለ ይዘት ደረጃ በደረጃ እንደሚለቅ አስታውቋል።

ተገልጋዩ በማሻሻያ ወቅት ምን ያስተውላል

በመስኮት የሚሰማው «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ብዙ የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድነት ይሸፍናል፤ መብራት ወይም ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ሥርዓቱ በሙሉ ለጥገና ቆሞ ወይም ዙሩ መሐል ላይ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው ከሆነ አገልግሎቱ አይጠፋም፤ ነገር ግን ይዘገያል፣ በአንድ ስልክ ላይ አዲሱ ገጽ በሌላው ላይ አሮጌው ይታያል፣ የገባ ተጠቃሚም ሳይታሰብ ተመልሶ የይለፍ ቃል ሊጠየቅ ይችላል። ይህ በራሱ የማመልከቻ መጥፋት ምልክት አይደለም።

በዚህ ጊዜ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ክፍያ ነው። ገጹ መልስ ሳይሰጥ ሲቆም ክፍያውን ደግሞ ከመላክ በፊት ከባንክ ወይም ከሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ የደረሰውን የማረጋገጫ መልእክት መመልከትና በማመልከቻው ቁጥር የጉዳዩን ደረጃ መፈለግ ይገባል። ገንዘቡ ወጥቶ ማመልከቻው «አልተከፈለም» የሚል ከሆነ የግብይት ቁጥሩን ይዞ መጠበቅ፣ በማስታወቂያው የተገለጸው የማሻሻያ ሰዓት ካለፈም ለተቋሙ ማሳወቅ ተገቢ ነው። ሁለት ጊዜ የተከፈለን ገንዘብ ማስመለስ አንድ ቀን ከመጠበቅ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። የማመልከቻ ቁጥር ሳይሰጥ የተቋረጠ ማመልከቻ ግን እንዳልገባ ቆጥሮ እንደገና መሙላት ይሻላል።

የማሻሻያ ማስታወቂያዎች የሚጠቅሱት ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ማስተዋልም ይጠቅማል። «ከሌሊቱ 6 ሰዓት» እና በዲጂታል ሰዓት «6:00» ተብሎ የሚጻፈው በስድስት ሰዓት ይለያያሉ፤ ጥሩ ማስታወቂያ «ከሌሊቱ» ወይም «ከጠዋቱ» የሚለውን ቃል አይዘልም። ቀነ ገደብ ያለው ጉዳይ ያለባቸው ተገልጋዮች ማሻሻያው ከሚጀመርበት ሰዓት አስቀድመው እንዲጨርሱ ይመከራል።

ስህተት ሲያጋጥም «አይሠራም» ብሎ ከማመልከት ይልቅ ስህተቱ የታየበትን ቀንና ሰዓት እስከ ደቂቃው፣ የማመልከቻውን ቁጥር፣ በገጹ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ወይም የስክሪኑን ፎቶ ማያያዝ ለባለሙያዎች እጅግ ይጠቅማል። ከሃያ ሰርቨሮች የትኛው እንዳፈነገጠ የሚለየው በሰዓቱ ነው። በአንጻሩ የይለፍ ቃልና በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚደርስ የማረጋገጫ ኮድ በሪፖርቱ ውስጥ አይካተቱም። ሰርቨር ለማዋቀር የማንም ተገልጋይ ኮድ አያስፈልግም፤ «ሲስተም እያሻሻልን ስለሆነ የደረሰዎትን ቁጥር ይንገሩን» ብሎ የሚደውል ሰው የተቋሙ ባለሙያ አለመሆኑን አውቆ ስልኩን መዝጋትና ጉዳዩን ለተቋሙ ማሳወቅ ያስፈልጋል።