በ3 ነጥብ የተለየ ድል

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የአየርላንድና የአሜሪካ አልሞ ተኳሾች ኒውዮርክ አቅራቢያ በነበረው የክሪድሙር ሜዳ ተገናኙ። ርቀቱ 800፣ 900 እና 1000 ያርድ ነበር።

አየርላንዳውያኑ ባሩዱንና እርሳሱን በየተኩሱ ከአፈሙዝ ያጎርሱ ነበር። አሜሪካውያኑ ግን አስቀድሞ በቀለህ የተሞላ ጥይት ከኋላ ያጎርሳሉ። በዘመኑ ብዙዎች ለረጅም ርቀት አፈሙዙን ያምኑ ነበር።

በሁለቱም መንገድ ቁም ነገሩ ልኬት ነው። የባሩዱ መጠን ከተኩስ ተኩስ ከተለያየ የእርሳሱ ፍጥነት ይለያያል፤ 1000 ያርድ ላይ አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ ያርፋል።

አሜሪካ 934 ለ931 አሸነፈች። ሆኖም አየርላንዳዊው ሚልነር 4 ነጥብ የሚያስገኝ ምት በሌላ ዒላማ ላይ አሳርፎ ዜሮ ተቆጥሮበታል። የራሱን ቢመታ ኖሮ አየርላንድ በ1 ነጥብ ታሸንፍ ነበር።

ስለዚህ ክሪድሙር የቀለህን ብልጫ አላረጋገጠም። ያሳየው በጥንቃቄ የተሞላ ቀለህ ከአፈሙዝ እንደማያንስ ነው። ያም ለታሪክ በቂ ነበር።