አዳዲስ የጊንጥ ዝርያዎችን ማግኘትና መመደብ

አዳዲስ የጊንጥ ዝርያዎችን ማግኘትና መመደብ በሳይንስ ገና ያልተሰየሙ ጊንጦችን የመፈለግ፣ ከሚታወቁት ጋር የማነጻጸር፣ የመሰየምና እንደ ዝምድናቸው ቦታ የመስጠት ሥራ ነው። ጊንጥ ከሸረሪትና ከመዥገር ጋር በአራክኒድ መደብ ውስጥ የሚመደብ፣ ስምንት እግሮችና ሁለት መቆንጠጫዎች ያሉት፣ በጅራቱ ጫፍ መርዘኛ መንደፊያ የያዘ እንስሳ ነው። ቅሪተ አካሎች እንደሚያሳዩት ጊንጦች በምድር ላይ ከ400 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ኖረዋል። እስካሁን ከ2,500 በላይ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን በየዓመቱም አዳዲስ ይጨመራሉ።

አዲስ ዝርያ ሲባል ሰው ጨርሶ አይቶት የማያውቅ እንስሳ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ በሙዚየም ውስጥም በአልኮል ተነክሮ ለአሥርት ዓመታት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አዲስ የሚባለው እስከዚያ ድረስ በሌላ ዝርያ ስም ሲጠራ የቆየው ጊንጥ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ በማስረጃ ሲረጋገጥ ወይም ስም ያልነበረው ሲሰየም ነው። ጉዳዩ የስም ብቻ አይደለም። የመርዝ ጥናትም ሆነ የእንስሳት ጥበቃ የሚመሠረተው የትኛው ጊንጥ የትኛው እንደሆነ በትክክል በመታወቁ ላይ ነው።

የምደባ ታሪክ

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ባሳተመው «ሲስቴማ ናቱሬ» 10ኛ እትም፣ የሚያውቃቸውን ጥቂት ጊንጦች ሁሉ «ስኮርፒዮ» በተባለ አንድ ወገን ሥር አስገብቷቸው ነበር። ዛሬ ይህ ስም ከብዙ የጊንጥ ወገኖች የአንዱ መጠሪያ ብቻ ነው። ጊንጦች በሙሉ አንድ ክፍለመደብ ሲሆኑ፣ ክፍለመደቡ በአስተኔዎች፣ አስተኔዎቹ በወገኖች፣ ወገኖቹ ደግሞ በዝርያዎች ይከፈላሉ። ከአስተኔዎቹ ትልቁ ከ1,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ቡቲዴ ነው። ለሰው ሕይወት አስጊ የሆኑት ጊንጦች ከጥቂቶች በስተቀር የዚህ አስተኔ አባላት ናቸው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦችና ሰብሳቢዎች ከአፍሪካና ከእስያ ብዙ ናሙና ወደ አውሮፓ ሙዚየሞች ወሰዱ። ከእነዚህ መካከል ጀርመናውያኑ ቪልሄልም ሄምፕሪክና ክርስቲያን ኤረንበርግ ይገኙበታል። ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ1820 እስከ 1825 በግብፅ፣ በዓረብ ምድርና በቀይ ባሕር ዳርቻ ተጉዘዋል። ሄምፕሪክ በ1825 ምጽዋ ላይ ሞተ፤ የሰበሰቧቸውን ጊንጦች ገለጻ በ1828 እና በ1829 ያሳተመው ኤረንበርግ ነው።

በመስክ መፈለግ

ጊንጦች ቀን ከድንጋይ ሥር፣ በጉድጓድ ወይም በዛፍ ቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ለአደን የሚወጡት በአብዛኛው ሌሊት ነው። ስለዚህ የቀድሞ ሰብሳቢዎች ድንጋይ እየገለበጡና ጉድጓድ እየቆፈሩ ይፈልጉ ነበር። ሥራውን የለወጠው የጊንጥ ጠንካራ ልባስ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት አረንጓዴና ሰማያዊ መልክ ሰጥቶ ማብራቱ ነው። ይህ ባሕርይ በ1950ዎቹ በሳይንስ ጽሑፎች ከተዘገበ በኋላ፣ በእጅ የሚያዝ የአልትራቫዮሌት መብራት የጊንጥ አጥኚዎች ዋና መሣሪያ ሆኗል። በጨለማ ሜዳ ላይ ያለ ጊንጥ በዚህ መብራት ከብዙ ሜትር ርቀት ይታያል። ልባሱን በቅርቡ የቀየረ ጊንጥ ግን አዲሱ እስኪጠነክር ድረስ አያበራም።

ናሙናው ብቻውን በቂ አይደለም። ሰብሳቢው የተገኘበትን ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታና የአፈር ዓይነት ይመዘግባል። ብዙ ጊንጦች ለተወሰነ መኖሪያ የተፈጠሩ ናቸውና ይህ መረጃ ወሳኝ ነው። በአሸዋ ላይ የሚኖሩት በእግራቸው ላይ አሸዋ እንዳይውጣቸው የሚያግዝ የፀጉር ረድፍ አላቸው፤ በዓለት ስንጥቅ የሚኖሩት ደግሞ ሰውነታቸው ጠፍጣፋ ነው። እንዲህ ያለ ጊንጥ ከሚስማማው መኖሪያ ርቆ ስለማይሄድ፣ በአንድ ሸለቆ ያለው ከሌላው ሸለቆ ተለይቶ ለረጅም ዘመን ሊኖርና የተለየ ዝርያ ሊሆን ይችላል።

ዝርያን ለመለየት የሚያገለግሉ ምልክቶች

ቀለም ብቻውን አታላይ ነው። የአንድ ዝርያ ጊንጦች እንደ አካባቢው አፈር ሊጠቁሩ ወይም ሊነጡ ይችላሉ። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ የሚታዩ ምልክቶችን ይመረምራሉ።

ከእነዚህ አንዱ ትራይኮቦትሪያ የሚባሉት፣ የአየር እንቅስቃሴን የሚያስታውቁ ቀጫጭን ፀጉሮች ናቸው። ፀጉሮቹ በመቆንጠጫው ክንድ ላይ የሚበቅሉበት ቦታ በዝርያው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚሆን እንደ ካርታ ሊነበብ ይችላል። ፈረንሳዊው ማክስ ቫሾን በ1970ዎቹ አቀማመጣቸውን በዋና ዋና ንድፎች ከፍሎ አሳይቷል። በመሠረታዊው ንድፍ የቡቲዴ አስተኔ ጊንጥ በእያንዳንዱ ክንድ 39 ፀጉሮች ሲኖሩት፣ ቫሾን «ሲ» ብሎ የሰየመው ንድፍ ያላቸው ደግሞ 48 አሏቸው።

ሁለተኛው ምልክት በሆድ በኩል የሚገኘውና ጊንጡ መሬቱን የሚዳስስበት፣ ሚዶ የሚመስለው ጥንድ አካል ነው። የጥርሶቹ ቁጥር ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ የወንዱም አብዛኛውን ጊዜ ከሴቷ ይበልጣል። የጅራቱ አንጓዎች ስፋትና ሸንተረር፣ የመቆንጠጫው ጥርሶች አደራደር፣ የደረት አጥንት መሰሉ ሰሌዳ ቅርጽ እና የወንዱ የመራቢያ አካል ክፍሎችም ይለካሉ።

ከቅርብ አሥርት ዓመታት ወዲህ የዲኤንኤ ንጽጽርና የክሮሞዞም ቆጠራ ተጨምረዋል። በመልክ የማይለዩ ጊንጦች በዲኤንኤ ርቀው ሊገኙ ይችላሉ። በተቃራኒው እንደ ሁለት ዝርያ የተሰየሙት የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት፣ ወይም ግልገልና አዋቂ ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። በዚህን ጊዜ ቀድሞ የወጣው ስም ጸንቶ ኋለኛው ይሰረዛል።

የስያሜ ሥርዓት

የዝርያ ስም የሚጸድቀው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ደንብ በሚጠይቀው መሠረት ሲታተም ነው። ጸሐፊው ዝርያው ከሌሎች የሚለይበትን ይገልጻል፤ አንድ ናሙናም የስሙ ተሸካሚ አድርጎ ይመርጣል። ይህ ናሙና ሆሎታይፕ ይባላል። ሆሎታይፑ ሌሎች አጥኚዎች ሊያዩት በሚችሉበት ስብስብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሙዚየም፣ ይቀመጣል። ከመቶ ዓመት በኋላ ክርክር ቢነሣ ዳኛው ይኸው ናሙና ነው።

ከስሙ ቀጥሎ የሰያሚው ስምና ዓመት ይጻፋል። ለምሳሌ «ፓራቡተስ አቢሲኒከስ ፖኮክ፣ 1901» የሚለው፣ ፖኮክ ዝርያውን በ1901 ሲሰይም በዚሁ ወገን ሥር እንዳስገባው ያሳያል። «ሆተንቶታ ሚናክስ (ኤል. ኮክ፣ 1875)» በሚለው ግን ሰያሚው በቅንፍ ውስጥ ነው፤ ይህም ኮክ በሌላ ወገን ሥር የሰየመው ዝርያ ኋላ ወደ ሆተንቶታ መዛወሩን ያመለክታል።

የላይዩረስ ወገን ምሳሌ

አንድ ስም ምን ያህል ሊሸፍን እንደሚችል የሚያሳየው በእንግሊዝኛ «ዴዝስቶከር» የሚባለው ብጫ ጊንጥ ነው። ኤረንበርግ በ1828 «ኩዊንኩየስትሪያተስ» ብሎ ከሰየመው በኋላ፣ ለረጅም ጊዜ ከሰሜን አፍሪካ እስከ መካከለኛው ምሥራቅ ያሉት የላይዩረስ ወገን ጊንጦች በአብዛኛው በዚህ አንድ ስም ይጠሩ ነበር። በ2002 ከዮርዳኖስ፣ በ2006 ከካሜሩን፣ በ2009 ደግሞ ከቱርክ የተገኙ ጊንጦች ራሳቸውን የቻሉ ዝርያዎች ተብለው ተሰየሙ። በ2014 ግሬም ሎው፣ ኤርሰን ያግሙርና ፍራንቲሼክ ኮቫርዢክ ወገኑን በሙሉ መርምረው ከዓረብ ልሳነ ምድር አራት አዳዲስ ዝርያዎች ገለጹ፤ ቀድሞ ንዑስ ዝርያ ይባል የነበረውን ሄብራየስንም ወደ ዝርያ ደረጃ ከፍ አደረጉት።

የዚህ ውጤት ከሙዚየም ውጭም ይሰማል። የላይዩረስ ንድፊያ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። የመርዝ ማርከሻ የሚዘጋጀው ከታወቀ ጊንጥ በተወሰደ መርዝ ሲሆን፣ የመርዙ ቅንብር በተለየ ዝርያ ላይ ማርከሻው የሚሰጠው ጥቅም ሊቀንስ ይችላል። ከዚሁ ወገን መርዝ የተለየውና በ1993 ጥናቱ የታተመው ክሎሮቶክሲን፣ የአንጎል ዕጢ ሕዋሳት ላይ ስለሚጣበቅ በሕክምና ምርምር ታዋቂ ነው። ነገር ግን መርዙ የተወሰደው ጊንጥ የተሰበሰበበት ቦታ ካልተመዘገበ፣ በአሮጌው ስም የታተመ ውጤት ዛሬ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ ማወቅ ያስቸግራል።

የካሊፎርኒያ ሁለት ዝርያዎች

በ2022 ከአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሁለት ዝርያዎች «ፓሩሮክቶነስ ሶዳ» እና «ፓሩሮክቶነስ ኮንክሉሰስ» በሚል ስም ታተሙ። ፍለጋውን የጀመሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የነበሩት ፕራክሪት ጄይንና ሃርፐር ፎርብስ ናቸው። ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅ ፎቶ በሚያጋሩበት አይናቹራሊስት በተባለ መድረክ ላይ ከሚታወቁት ጋር የማይገጥሙ ጊንጦችን አስተዋሉ፤ ከዚያም ወደ ቦታው ሄደው በአልትራቫዮሌት መብራት ናሙና ሰበሰቡ። ገለጻውን ያዘጋጁት ከካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ ተመራማሪ ሎረን ኤስፖሲቶ ጋር ነው።

ሁለቱም የሚኖሩት በጨዋማ ደረቅ ሐይቆች ዳርቻ ብቻ ነው። የሶዳ መኖሪያ በካሪዞ ሜዳ ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ ውስጥ ስለሚገኝ የተጠበቀ ነው። ኮንክሉሰስ ግን በሞሃቪ በረሃ በኮን ሐይቅ ዳር ባለች ጠባብ መሬት ላይ ተወስኗል፤ ቃሉም በላቲን «የተዘጋ» ማለት ነው። ቦታው ጥበቃ ስለሌለው አንድ የግንባታ ሥራ ዝርያውን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ስም ያልወጣለትን እንስሳ በጥበቃ መዝገብ ውስጥ ማስገባት ስለሚያስቸግር፣ ስያሜው ለጥበቃ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

በአፍሪካ ቀንድ

ኢትዮጵያና ጎረቤቶቿ ከቆላማ በረሃ እስከ ደጋ ድረስ የተለያየ መልክዓ ምድር ስላላቸው በጊንጥ ዝርያ ሀብታም ናቸው። በ19ኛው ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ከአካባቢው የተሰየሙ የብዙ ጊንጦች ስም ተሸካሚ ናሙናዎች በአውሮፓ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ከ2016 ጀምሮ ቼካዊው ኮቫርዢክና ባልደረቦቹ «የአፍሪካ ቀንድ ጊንጦች» በሚል ርእስ በተከታታይ ባወጧቸው ጥናቶች፣ ከኢትዮጵያና ከሶማሌላንድ በርካታ አዳዲስ ዝርያዎችን ገልጸዋል። በእነዚህ ጥናቶች የድሮ ናሙናዎች እንደገና ተመርምረዋል፤ ከአካል መለኪያዎች ጎን ለጎንም የክሮሞዞም ቁጥር እንደ መለያ አገልግሏል።

ያልተቋጩ ክርክሮች

አስተኔዎቹ ስንት እንደሆኑና እንዴት እንደሚዛመዱ አከራካሪ ነው። በ2003 ማይክል ሶለግላድና ቪክቶር ፌት ያቀረቡትን ምደባ፣ ሎረንዞ ፕሬንዲኒና ዋርድ ዊለር በ2005 በጽኑ ተችተውታል። በ2015 በብዙ ጂኖች ላይ የተመሠረተ ጥናት ደግሞ በአካል ቅርጽ ብቻ የተመሠረቱ አንዳንድ አስተኔዎች የእውነተኛ ዝምድና ቡድን እንዳልሆኑ አሳይቷል።

የምደባ ለውጥ በሕግም ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ለቤት እንስሳነት የሚሸጠው የምዕራብ አፍሪካው ትልቅ ጥቁር ጊንጥ፣ ፓንዲነስ ኢምፐራተር፣ ከሁለት የወገኑ ዝርያዎች ጋር ከ1995 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ቁጥጥሩ በስም የተዘረዘሩትን ዝርያዎች ስለሚመለከት፣ ወገኑ ሲከፈልና አዲስ ስም ሲወጣ የስምምነቱም መዝገብ አብሮ መታረም ይኖርበታል።