የአስፈሪ ፊልም ፖስተር እንዴት ይነበባል?

በሳውዲ ዐረቢያ ለአሥርት ዓመታት ተዘግተው የቆዩት ሲኒማ ቤቶች እንደገና የተከፈቱት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በሪያድ ሲሆን፣ ጂዳ የመጀመሪያውን ያገኘችው በጥር 2019 በሬድ ሲ ሞል ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲህ በጂዳ የገበያ ማዕከላት የሚሠሩም ሆኑ በዕረፍት ቀናቸው ከመካ የሚወርዱ ወገኖቻችን በየመተላለፊያው የተሰቀሉትን የፊልም ፖስተሮች ሳያዩ አያልፉም። ከእነዚህ መካከል ለአስፈሪ ፊልሞች የሚዘጋጁት የራሳቸው ደንብና ልማድ አላቸው። የአሠሪዎቻቸውን ልጆች ይዘው ወደ ሲኒማ ለሚሄዱ እኅቶቻችን ይህን ልማድ ማወቅ ከጠቅላላ ዕውቀት ያለፈ ጥቅም አለው፤ በፖስተር ተታልሎ የተገባበት ፊልም የሕፃን ልጅን እንቅልፍ ለሳምንታት ሊነሣ ይችላልና።

በመጀመሪያ ስለ ስያሜው። በዐረብኛው ፖስተር ላይ የፊልሙ ዓይነት ‹ሩዕብ› ተብሎ ይጻፋል። መዝገበ ቃላት ‹ሽብር› ብሎ ሊተረጉመው ይችላል፤ ሆኖም ‹የሽብር ፊልም› ያልን እንደሆነ የዛሬው የአማርኛ አንባቢ የሚያስበው ስለ አሸባሪዎች ነው። ስለዚህ ‹አስፈሪ ፊልም› ማለቱ ይሻላል። ‹ተሽዊቅ› የሚለው ግን የሀገራችን ሲኒማ ‹ልብ አንጠልጣይ› ብሎ ከሚጠራው ጋር በሚገባ ይገጥማል።

የአስፈሪ ፖስተር ዋነኛ ብልሃት መደበቅ ነው። የ1973ቱ ‹ዘ ኤክሶርሲስት› ፖስተር ባርኔጣ የደፋና ቦርሳ የያዘ ሰው በሌሊት ከአንድ ቤት ፊት ቆሞ፣ ከላይ ከመስኮቱ የሚወርደው ብርሃን ሲያርፍበት ብቻ ያሳያል። ደም የለም፤ ጭራቅ የለም። የሚያስፈራው ከመስኮቱ በስተ ጀርባ ያለው ነገር ነው፤ እርሱንም ተመልካቹ ራሱ እንዲያስበው ተትቶለታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ‹ጃውስ› ተቃራኒውን መንገድ ተከተለ። ሠዓሊው ሮጀር ካስቴል ለመጽሐፍ ሽፋን በሣለውና በኋላ ለፊልሙ በተወሰደው ሥዕል ላይ ሻርኩ ከነጥርሱ ይታያል፤ ከላይ የምትዋኘው ሴት ግን አላየችውም። እኛ የምናውቀውን እርሷ አለማወቋ ነው ሥዕሉን ያስጨነቀው። በእኔ ግምት እስከ ዛሬ የሚሠሩት አስፈሪ ፖስተሮች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሁለቱ የአንዱ ልጆች ናቸው።

ስለ ቀለም ሲነሣ ጥቁርና ቀይ ቀድመው ይጠቀሳሉ፤ ነገር ግን ቀለም በየሀገሩ አንድ ዓይነት ቋንቋ አይናገርም። በእኛ ዘንድ ጥቁር የሐዘን ልብስ ነው፤ በጂዳ ጎዳና ላይ ግን ጥቁር ዓባያ የዕለት ልብስ በመሆኑ ብቻውን ማንንም አያስደነግጥም። ነጭም እንዲሁ ነው። በኢንዶኔዥያ ፊልሞች ‹ፖቾንግ› የሚባለው መንፈስ በነጭ ከፈን እንደ ተጠቀለለ ይሣላል። ኢሕራም የለበሰ ሕዝበ ምእመን ዕለት ዕለት በሚታይባት በመካ የሚኖር ሰው፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ሰው ምስል ብቻ ሊሸበር አይችልም፤ የሚያስፈራው የከፈኑ አስተሳሰር ነው። አረንጓዴን ደግሞ ተመልከቱ፤ የ1968ቱ ‹ሮዝመሪስ ቤቢ›ም ሆነ የ1979ኙ ‹ኤሊየን› ፍርሃትን የገለጹት በዚሁ በለምለሙ ቀለም ነው።

ፊደል የዚህ ጸሐፊ ልዩ ፍቅር ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። የ‹ሳይኮ› ርዕስ እንደ ተሰነጠቀ መስተዋት የተቆራረጠ ነው። አጻጻፉን ቶኒ ፓላዲኖ አስቀድሞ የሠራው ለልብ ወለዱ ሽፋን ሲሆን፣ ሂችኮክ ለ1960ው ፊልሙ ወሰደው። የላቲን ፊደላት ተለያይተው የሚቆሙ ስለሆኑ ቢሰነጠቁም ይነበባሉ። የዐረብኛ ፊደላት ግን እጅ ለእጅ የተያያዙ ናቸው፤ መያያዣቸው ከተቆረጠ ቃሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ንድፍ ሠሪው ሳይቆርጥ ይለጥጣል፣ ጫፉን ያሾላል፤ ነጥቦቹንም የደም ጠብታ ሊያደርጋቸው ይችላል። በግዕዝ ፊደል ላይ የሚያጋጥመው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ደም ከፊደሉ እግር እንዲንጠባጠብ ተብሎ የ‹ደ› ቀኝ እግር ከተረዘመ ‹ዳ› ይሆናል፤ ‹ደም› ተብሎ የተጻፈው ‹ዳም› ተብሎ ይነበባል። ለእኛ ፊደል የሚስማማው ጠብታውን ከሁለቱም እግሮች እኩል ማውረድ ወይም ጨርሶ ከራሱ ላይ መጀመር ነው። በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ ‹የሰይጣን ቤት› ይባል ነበር፤ ያኔ ለማስፈራት ፖስተር እንኳ አላስፈለገም።

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። ከአስፈሪ ፖስተር ልማዶች ሁሉ አሳሳቹ አሻንጉሊት ነው። በ1988 ‹ቻይልድስ ፕሌይ›፣ በ2014 ‹አናቤል›፣ በ2022 ‹ሜጋን› የልጆችን መጫወቻ የፍርሃት ምንጭ አድርገው አቅርበዋል። ዐዋቂ ሰው የአሻንጉሊቷን ፍጥጥ ያለ ዓይንና በዙሪያዋ ያለውን ጨለማ አይቶ ይጠረጥራል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን የሚያየው አሻንጉሊቷን ነው፤ እጅ ጎትቶም ‹ይህን እንይ› ይላል።

እንዲህ ባለ ጊዜ መታመን ያለበት ሥዕሉ ሳይሆን የዕድሜ ምልክቱ ነው። በሳውዲ ዐረቢያ ‹ፒጂ 12› ማለት ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ዐዋቂ አይገባም ማለት ነው። ‹አር 15› እና ‹አር 18› ከሆነ ግን ከተጻፈው ዕድሜ በታች ያለ ልጅ ከወላጁ ጋር ቢመጣም አይገባም። ይህ በኢንተርኔት ላይ ከሚታዩት የአሜሪካ ፖስተሮች ይለያል፤ በዚያ ‹አር› የተባለውን ፊልም ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ሊያየው ይችላል። ሁለቱ አንድ ፊደል ስለሚጠቀሙ ብዙዎች ያምታቷቸዋል።

ምልክቱ በፖስተሩ ላይ ያልታያት እኅት ቲኬት ከመቁረጧ በፊት በመሸጫው መስኮት ‹ሀል ዩናሲቡ አል-አጥፋል?› ብላ ትጠይቅ፤ ‹ለልጆች ይስማማል ወይ?› ማለት ነው።