የጦር መርከብ በባዕድ ወደብ፤ የ«ኤክስቼንጅ» ክርክርና ውጤቱ

በ1811 ዓ.ም. (ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «ባላው» የተባለች የፈረንሳይ የጦር መርከብ በማዕበል ተጎድታ ፊላደልፊያ ወደብ ገባች። ማክፋደንና ግሪትሃም የተባሉ ሁለት የሜሪላንድ ነጋዴዎች ግን መርከቢቱ የእኛ ናት ብለው ከሰሱ። በእርግጥም የቀድሞ ስሟ «ኤክስቼንጅ» ሲሆን፣ በ1809 ከባልቲሞር ወደ ስፔን የተነሣች የንግድ መርከብ ነበረች፤ በ1810 የናፖሌዎን ሰዎች በጉልበት ወስደው አስታጠቋት።

የወረዳው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው፤ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፤ በ1812 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያውን ፍርድ አጸና። ፍርዱን የጻፉት ዋናው ዳኛ ጆን ማርሻል ናቸው። እንደ እርሳቸው አስተያየት፣ መንግሥት በግዛቱ ውስጥ ያለውን ሥልጣን ከራሱ ፈቃድ በቀር የሚገድበው የለም። ሆኖም ወደቡን ለወዳጅ መንግሥት የጦር መርከብ ክፍት ካደረገ፣ አልይዝህም ብሎ በዝምታ ቃል እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

ብዙዎቻችን የጦር መርከብ የሚከበረው ተንሳፋፊ የአገር መሬት ስለ ሆነ ይመስለናል። ማርሻል ግን ይህ ምሳሌ አላስፈለጋቸውም፤ ጥበቃው የመነጨው ከባለ ወደቡ ፈቃድ ነው። ሊዘነጋ የማይገባው ደግሞ፣ መርከቢቱ በእውነት የማን እንደ ነበረች ፍርድ ቤቱ አለመመርመሩ ነው። ነጋዴዎቹ ተረቱ፤ ነገሩ በመንግሥታት መካከል የሚያልቅ ነው ተባለ። እኛ ይህ ለባለ ንብረት መራራ ፍርድ መሆኑን አንክድም።

የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ1880 ይህንኑ ጥበቃ «ፓርለማን ቤልዥ» ለተባለች የቤልጅግ መንግሥት የፖስታ መርከብ፣ መንገደኛና ዕቃ እየጫነች ሳለ፣ ሰጣት። ይህስ በዛ። በ1926 የብራስልስ ውል የመንግሥትን የንግድ መርከብ ከግለሰብ መርከብ ጋር እኩል አደረገ፤ የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነትም ጥበቃውን ለጦር መርከብና ከንግድ ውጭ ለሚያገለግል የመንግሥት መርከብ አስቀረ።

የነጋዴዎቹ ጥያቄ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ። አርጀንቲና በ2001 ዕዳዋን መክፈል ስላቋረጠች፣ በ2012 አንድ አበዳሪ ድርጅት የባሕር ኃይሏን ማሠልጠኛ መርከብ «ሊበርታድ»ን በጋና ተማ ወደብ በፍርድ ቤት አስያዘ። የጋናው ዳኛ አርጀንቲና በብድሩ ሰነድ መብቷን ትታለች አሉ። በሐምቡርግ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የባሕር ሕግ ችሎት ግን መርከቢቱ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ እንድትለቀቅ በታኅሣሥ 2012 በሙሉ ድምፅ አዘዘ። አበዳሪው ገንዘቡን ያገኘው በ2016 ከራሱ ከመንግሥቱ ጋር ተስማምቶ ነው።