ማነባበር፦ የእንጨት ራኬት ምሥጢር

በእንጨት ሥራ «ላሚኔሽን» የሚባለው ስስ ስስ እንጨቶችን በኮላ አጣብቆ አንድ ወፍራም አካል ማድረግ ነው። በአማርኛ «ማነባበር» እንድንለው፣ ውጤቱንም «ንብብር እንጨት» ብለን እንድንጠራው ሐሳብ አቀርባለሁ። «መደራረብ» አይበቃውም፤ የተደራረበ ነገር ተመልሶ ይለያያል። አነባበሮ የጋገረ ሰው ግን ሁለቱ እንጀራ ተጣብቆ አንድ እንደሚሆን ያውቃል።

የማነባበር ጥቅም ጎልቶ የሚታየው በእንጨት የቴኒስ ራኬት ላይ ነው። ክፈፉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው አሽ ከሚባለው ዛፍ ነው፤ ቃጫው ረጅምና ቀጥ ያለ፣ ድንገተኛ ምት የሚችል እንጨት ነው። የጥንቶቹ ባለሙያዎች አንድ ወጥ ዘንግ በእንፋሎት አለስልሰው ያጎብጡ ነበር። ወፍራም እንጨት ሲጎብጥ ውጪው ይለጠጣል፣ ውስጡ ይጨመቃል፤ ከልኩ ካለፈ ይሰነጠቃል። ባይሰነጠቅም ወደ ቀድሞ ቅርጹ ለመመለስ ይታገላል።

ያንኑ ውፍረት በአምስት ስስ እንጨቶች ብንከፍለው በእያንዳንዱ ላይ የሚደርሰው መለጠጥ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። ኮላው እርጥብ ሳለ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ፎርማውን ይዞራል፤ በሞርሳ ተጠፍንጎ ሲደርቅ ግን መንሸራተት የለም። በደንብ የተጣበቁት አምስቱ፣ ሳይጣበቁ ከነበራቸው ግትርነት እስከ 25 እጥፍ ይደርሳሉ። እንጨቱ ያው ነው፤ ይህን ሁሉ ጉልበት የሰጠው ኮላው ነው። ለእኔ ከዕደ ጥበብ ሁሉ እንዲህ የሚያስደንቅ ጥቂት ነው።

ኮምፔርሳቶም ንብብር ነው፤ በእሱ ግን የአንዱ ቃጫ የሌላውን ያቋርጣል። በራኬት ውስጥ የሁሉም ቃጫ የክፈፉን ዙሪያ ተከትሎ አብሮ ይሄዳል፤ ጉልበት የሚፈለገው በዚያው መስመር ነውና።

ደንሎፕ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ማክስፕላይ የተሰኘው ራኬት የዚህ ዘዴ ዝነኛ ልጅ ነው። የቴኒስ ተጫዋቹ ጆን ማኬንሮ በ1981 የዊምብልደንን ውድድር ያሸነፈው በማክስፕላይ ነበር። እርጥበት እንጨቱን እንዳያጣምምባቸው ተጫዋቾች ራኬታቸውን ባለ ብሎን የእንጨት መጭመቂያ ውስጥ አስረው ያስቀምጡ ነበር። ጅማቱም ከተፈጥሮ ነበር፤ በ1875 ፒየር ባቦላ በፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ የቴኒስ ጅማት ከበግ አንጀት ሠራ። የበገና ጅማትም በአገራችን ከበግ አንጀት ስለሚሠራ ይህ ሙያ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ዛሬ የቴኒስ ሜዳው የግራፋይት ነው። የቴኒስ አባት በሆነው ሪል ቴኒስ ግን ሕጉ አሁንም የእንጨት ራኬት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሙያው አልሞተም። የእንጨት ሥራ የምታስተምሩ መምህራን፣ «ማነባበር»ን በክፍላችሁ ሞክሩት፤ ከዚህ የሚሻል ቃል ያላችሁም አምጡት።