የአንጎልን ኤሌክትሪክ የማንበብ ታሪክ

በከተማችን በፔታሕ ቲክቫ የሚገኘው የሽናይደር የሕፃናት ሆስፒታል የተከፈተው በዘመቻ ሰሎሞን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የሚጥል በሽታ የተጠረጠረበት ልጅ ወደ ሆስፒታል ሲላክ ከሚታዘዙለት ምርመራዎች አንዱ «ኢ.ኢ.ጂ.» ይባላል። በልጁ ራስ ላይ ሽቦ ሲለጠፍ ያየ ወላጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ስለዚህ የምርመራውን ታሪክ ማወቅ ይበጃል።

የአንጎል ሕዋሳት የሚነጋገሩት በጣም ደካማ በሆነ ኤሌክትሪክ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ ኬተን ይህንን በ1875 በጥንቸልና በጦጣ አንጎል ላይ አስተዋለ። ጀርመናዊው ሐንስ በርገር ደግሞ በ1924 ከሰው ራስ ላይ መዘገበው፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። መሣሪያው ያዳምጣል እንጂ ኤሌክትሪክ ወደ ራስ አይልክም፤ ሐሳብም አያነብም።

በኢትዮጵያም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ በተደረገ የቤት ለቤት ጥናት በሽታው ያለባቸውን 316 ሰዎች አገኙ። በ1990 በታተመው በዚህ ሥራ ኢ.ኢ.ጂ.ም ጥቅም ላይ ውሏል። ከሕሙማኑ አብዛኞቹ ዘመናዊ መድኃኒት አግኝተው አያውቁም ነበር።

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ሞገዱን በዓይን እያዩ በሴኮንድ ስንት እንደሆነ ይቆጥሩ ነበር። አንጎል ግን እንደ ሚዛን አይደለም፤ እጥፍ ሲጨምሩበት እጥፍ አይመልስም። ወተት እሳት ላይ ቆይቶ በድንገት እንደሚገነፍል ሁሉ፣ ትንሽ ለውጥ ትልቅ ነገር ሊያስነሣ ይችላል። ይህን ለመለካት «ቀጥተኛ ያልሆነ ስሌት» መጣ። በ1985 በብራስልስ አግነስ ባብሎያንትዝና ባልደረቦቿ በእንቅልፍ ሞገድ ላይ ሞከሩት። በ1990 ደግሞ በአሜሪካ ሊዮን ያሴሚዲስና ባልደረቦቹ ሕመሙ ሲነሣ ሞገዱ ይበልጥ ሥርዓት እንደሚይዝ አሳዩ። ጤነኛ አንጎል እንደ ገበያ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ያወራል። ሕመሙ ሲነሣ ግን ብዙ ሕዋሳት በአንድነት ያጨበጭባሉ።

ሕመሙን አስቀድሞ ለማወቅ የነበረው ተስፋ ከፍተኛ ነበር፤ በኋላ ሲፈተሽ ግን ስሌቱ ለሁሉም አልሠራም። ደግሞም ኢ.ኢ.ጂ. ደህና ቢሆን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ የወላጅ ዓይን ዛሬም ያስፈልጋል። እንዴት ጀመረ? ስንት ደቂቃ ቆየ? ይህን ለሐኪሙ በአስተርጓሚም ቢሆን ይንገሩ።

በሽታው በንክኪ አይተላለፍም። ልጁ ሲወድቅ ክብሪት አያሽትቱት፤ አፉ ውስጥም ምንም አይክተቱ። በጎኑ ያስተኙት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ 101 ይደውሉ። ሐኪም ሳያዝ መድኃኒቱን አያቋርጡ።