የዐድዋን ዘማች ለመምሰል ምን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል?



የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር ተማሪዎች የዐድዋን ዘመቻ በትርኢት እንዲያሳዩ መታሰቡን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ጋሻና ጦሩ ከየሽማግሌው ቤት ይለመናል፤ የአንበሳ ጎፈር የሚመስለውን ነገር ከበግ ቆዳ የሚሠራልን ሰውም ተገኝቷል። ያስቸገረው ነገር ሌላ ነው። በስብሰባው ላይ «ዘማች ሆኖ የሚሰለፈው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ በተነሣ ጊዜ አንዱ ተማሪ መቶ ሜትር ሮጦ የቀደመ ይመረጥ አለ፤ ሌላው ደግሞ ደረቱ ሰፊ፣ ቁመቱ መለሎ የሆነውን እንምረጥ አለ። ከአጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ እግሩን ስለሚያነክስ አንገቱን ደፍቶ ይሰማ ነበር። በታሪክ ትምህርት ግን ክፍላችንን ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። እኔም በዚያን ዕለት ተነሥቼ የምናገረው ጠፍቶኝ ዝም አልሁ። ያን ጊዜ ያልተናገርሁትን እነሆ ዛሬ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ ግን ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የየካቲት 23 በዓል ላይ ጋሻ አንግቤ ተሰልፌ ነበር። ኳስ ስለምጫወት ጉልበቴን አልጠረጠርሁም። ጧት ቁርስ አልበላሁም፤ ውኃም አልያዝሁም፤ ጀግና ውኃ ይዞ የሚሄድ አይመስለኝም ነበርና። ፉከራውን በሚገባ ፎከርሁ። ከዚያ በኋላ ንግግር ሲደረግ ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል እንደ ቆምሁ ዓይኔ ጨለመና ከነጋሻዬ ወደቅሁ። ያነሡኝ ሁለት ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ ውኃ እያጠጡኝ «አይ ልጄ፣ ጣልያን ሳይመጣ ወደቅህ?» አሉኝ። የሰማ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ዛሬ ሳስታውሰው እስቃለሁ፤ በዚያን ቀን ግን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ የዐድዋን ታሪክ ሳነብ የማስበው ስለ ውጊያው ዕለት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስለ ነበሩት ወራትም ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የክተት አዋጁን ያስነገሩት መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገናኝ ታዘዘ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሡ። የአምባላጌ ውጊያ የሆነው ኅዳር 28 ቀን ነው፤ የመቀሌው ከበባ በጥር ወር አለቀ፤ የዐድዋው ድል የካቲት 23 ቀን ሆነ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ ከአራት ወር ተኩል በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ጊዜ የውጊያ ቀኖቹ ጥቂት ናቸው፤ የቀረው መንገድ መሄድ፣ መስፈር፣ መጠበቅና መራብ ነው። እኛ ግን በትርኢት የምናሳየው ሁልጊዜ ያችኑ አንዲቱን ቀን፣ ከእርሷም የሩጫውንና የጩኸቱን ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ዘማች በመቶ ሜትር ሩጫ ይመረጥ የሚለው አሳብ ከታሪኩ ጋር አይገናኝም። የዐድዋ ዘማች መቶ ሜትር አይደለም የሄደው።

ደግሞም ባዶ እጁን አልሄደም። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ብቻውን ከ4 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዚያ ላይ ጥይቱ፣ ጋሻው፣ ጎራዴውና ስንቁ ይጨመራል። ስንቅ ማለት በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነው፤ ዘማቹ ከቤቱ ይዞት ይነሣል። በቅሎ ወይም አህያ ያለው ይጭናል፤ የሌለው ግን በራሱ ወይም በሚስቱ ጀርባ ያስኬደዋል። ስለ ሴቶቹ ስናነብ እጅግ ያስደንቃል። ሰፈር በተመታ ጊዜ ወንዱ ሲያርፍ እነርሱ እንጨት ለቅመው፣ ውኃ ቀድተው፣ እህል ፈጭተው፣ ጋግረው ያበላሉ፤ በማግስቱም እኩል ይጓዛሉ። በውጊያው ቀን እቴጌ ጣይቱ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ እንዲያቀርቡ አድርገዋል። በዚያ ዘመን የሰውነት ብቃት ፈተና ቢደረግ ኖሮ አንደኛ የሚወጡት ሴቶቹ ይመስሉኛል። በትርኢታችን ሴት ተማሪዎች ዳር ቆመው እልል እንዲሉ ብቻ መታሰቡም መታረም ያለበት ነገር ነው።

ስለ ሰፊው ደረትም አንድ ነገር ልበል። በየካቲት ወር የሠራዊቱ ስንቅ እያለቀ ነበር። ወደ 100 ሺሕ የሚገመት ሕዝብ ከነከብቱ በአንድ አካባቢ ሲሰፍር የአገሩ እህል ብዙ ቀን አይችለውም። ጄኔራል ባራቲየሪ ተንቀሳቅሶ ባይመጣ ኖሮ ዐፄ ምኒልክ ብዙም ሳይቆዩ ሰፈሩን ለመልቀቅ በተገደዱ ነበር። እንግዲህ የየካቲት 23 ቀን ዘማች ጉንጩ የጎደለ፣ ልብሱ ያለቀ፣ እግሩ የነቃ ሰው እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ክንዱን በብረት እያነሣ ያሳበጠ ወጣት የዐድዋ ዘማች ሆኖ ሲቀርብ ላየው ያምራል፤ ታሪኩን ግን አይመስልም።

ይህን ጉልበት ከየት አመጡት? የሰውነት ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። ዘመናዊው የጦር ትምህርት ቤት በሆለታ ገነት የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከዐድዋ 39 ዓመት በኋላ ነው። ያሠለጠናቸው ኑሯቸው ነው፤ እርሻው፣ ከብት ጥበቃው፣ አደኑ፣ ሩቁ የገበያ መንገድ፤ በዓል ሲሆን ደግሞ ገናው፣ ጉግሱና ትግሉ።

በሌላው ወገን የነበረውን ድካምም መዘንጋት አይገባም። ከ17 ሺሕ በላይ የሆነው የኢጣልያ ጦር የካቲት 22 ቀን ማታ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ በማያውቀው ገደልና ሸለቆ ሲጓዝ አደረ። የጄኔራል አልቤርቶኔ ክፍል ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ስሙ ተምታቶበት ከጓደኞቹ ርቆ ሄደ። ሲነጋ ያልተኛ፣ የተበታተነና የደከመ ወታደር ከእኛ ሰው ጋር ገጠመ። ድሉን ያመጣው የእነርሱ ድካም ነው ማለቴ አይደለም፤ የእኛ ሠራዊት ቁጥርና ጀግንነት የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ሌሊት በእግር መሄድ የሠለጠነን ጦር እንኳ ምን እንደሚያደርገው ልብ ይሏል።

ወታደር ምን ያህል መሄድና መሸከም አለበት የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለም ቆየት ያለ ነው። ስለ ሮማውያን ጦር የጻፈው ቬጌቲዩስ፣ ምልምሉ ወታደር በአምስት የበጋ ሰዓት 20 የሮማ ማይል፣ ማለት 30 ኪሎ ሜትር ያህል፣ እንዲሄድ ይጠይቃል፤ እስከ 60 የሮማ ፓውንድ፣ ማለት 20 ኪሎ ያህል፣ መሸከምንም እንዲለማመድ ያዛል። (የሮማውያን የበጋ ሰዓት ከእኛ ሰዓት ይረዝማልና አትደንግጡ።) በ1985 እ.ኤ.አ. ማርኩስ ዩንክልማን የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ሊቅ ይህ ነገር በሰው ትከሻ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ከጓደኞቹ ጋር የሮማ ወታደር ልብስና ትጥቅ ለብሶ ከቬሮና ተነሣ፤ የአልፕስንም ተራራ በእግሩ አቋርጦ አውግስቡርግ ገባ። ሰውዬው ታሪኩን ከመጽሐፍ ያውቀው ነበር፤ ቢሆንም በእግሩ ሊጠይቀው ፈለገ።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ «ጉዞ ዓድዋ» በሚል ስም ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነሥተው ዐድዋ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ በዓሉን አክብረዋል። መንገዱ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ40 ቀን በላይ ይወስዳል። ሒሳቡን ስናደርገው በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን ለአንድ ቀን መሄድ ለእኛ ለገጠር ልጆች ብርቅ አይደለም፤ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ደርሶ መልስ የዚህን እኩሌታ የሚሄዱ አሉ። ብርቱው ነገር ማግስቱ ነው። ከማግስቱም ማግስቱ።

የእኛ አገር ከዐድዋ ሩቅ ነው። ከምባታና ሐዲያ ወደ ዐፄ ምኒልክ መንግሥት የገቡትም ከዐድዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጦርነት መሆኑን አባቶቻችን ይነግሩናል፤ ይህንም መደበቅ አይገባም። ሆኖም በመቀሌው ከበባ መድፍ ሲያስተኩሱ የነበሩት ሊቀ መኳስ አባተ ቧያለው በኋላ ራስ ተብለው ከምባታን ያስተዳደሩ ሰው ናቸው። ሌላም የሚያገናኘን ነገር አለ። የሐምበሪቾ ተራራችን ከፍታ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ የአምባላጌም እንዲሁ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ አምባላጌን የወጣ ሰው ትንፋሹ ምን ያህል እንደሚያጥር ለማወቅ ትግራይ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ወደ ሐምበሪቾ ጫፍ የሚያወጡት ደረጃዎች 777 ናቸው። እኔ ባዶ እጄን ስወጣ ከሦስት መቶው በኋላ መቁጠሩን ትቼ መተንፈስ ብቻ ሆነ ሥራዬ። ጋሻና ስንቅ ይዤ፣ ከላይም እየተተኮሰብኝ ብሆን ብዬ አሰብሁ።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። አንዳንዶች «ዘማቹ ባዶ እግሩን ስለ ነበር እኛም ጫማችንን እናውልቅ» ይላሉ። የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ እንዳሸነፈ ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን የእርሱም ሆነ የዘማቹ እግር በልጅነት የጠነከረ ነው፤ የእኛ ግን በጫማ ያደገ ነው። ከዚህም በላይ ባዶ እግርን በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት መመላለስ የእግር እብጠት በሽታ እንደሚያመጣ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ በደቡብ ደጋማ አገሮች ስንቱን ገበሬ ከሥራና ከማኅበር ለይቶ ያስቀመጠ በሽታ ነው። የአንድ ቀን ትርኢት ይህን ያመጣል አልልም፤ ዳሩ ግን ባዶ እግርን እንደ ጌጥ ለታናናሾቻችን ማሳየት መልካም አይመስለኝም። በሰንደል እንሰለፍ።

በደካማ አስተያየቴ ፈተናው እንዲህ ቢሆን እላለሁ። ተሳታፊው ሁሉ 8 ኪሎ ተሸክሞ 12 ኪሎ ሜትር በሦስት ሰዓት ይሂድ፤ በማግስቱም ጧት ይህንኑ ይድገም። ከዚያ በፊት ስምንት ሳምንት ልምምድ ይደረግ፤ ሸክሙም ከ3 ኪሎ ይጀምር። ቁርሱን ያልበላና ውኃ ያልያዘ አይሰለፍ (ምክንያቱን ታውቃላችሁ)። ልቡን ወይም ትንፋሹን የሚያመው አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ይታይ። ራስ አሉላን ወይም ፊታውራሪ ገበየሁን ለመምሰል የሚፈልገውም ይኸው ፈተና ይድረሰው፤ እስካሁን በመዝገቡ ላይ ራስ አሉላ ለመሆን ዘጠኝ ተማሪዎች ሲጠይቁ ስንቅ ተሸካሚ ለመሆን የጠየቀ የለም። ሴቶችም ወንዶችም በአንድ ሚዛን ይፈተኑ።

ፈተናውን የማይችል ይውጣ ማለቴ ግን አይደለም። የክተት አዋጁ ጉልበት ያለው በጉልበቱ እንዲረዳ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ በሐዘኑ እንዲረዳ ጠይቋል፤ ቁጣውን ያስቀመጠው ጉልበት እያለው ለሚቀረው ሰው ነው። ስለዚህ የሚያነክሰው ጓደኛዬ ነጋሪት እየተመታ አዋጁን የሚያነብ ይሁን ብዬ ጻፍሁና አሳየሁት።

አንብቦ ሲጨርስ ደስ አላለውም። «አዋጅ ነጋሪነቱን ለሚያምር ድምፅ ስጡት፤ እኔን ፈትነኝ» አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሎ ወጥተን ሁለታችንም 8 ኪሎ በቆሎ በጆንያ ተሸክመን ሄድን። እኔ በሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጨረስሁ። እርሱ በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ደረሰ፤ ጆንያውንም መንገድ ላይ አላወረደም። እሑድ ጧት ገና ጎሕ ሲቀድ በራችንን ሲያንኳኳ ባቴ ተሳስሮ ከመኝታዬ ለመነሣት አቅቶኝ ነበር። እናቴ ቅቤ አሽተውኝ ዘግይቼ ተከተልሁት፤ በዚያን ቀን የቀደመኝ እርሱ ነው።

የዘመቻ ጦር የሚጓዘው በስንቅ ጫኝዋ በቅሎ እርምጃ እንጂ በፈጣኑ ሰው እርምጃ አልነበረም። ስለዚህ ለኮሚቴው በሰጠሁት ወረቀት ላይ «ሦስት ሰዓት» የሚለውን ሰርዤ «ሦስት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጽፌአለሁ።